አማቴ ልጄን ያልነኩበት ዓመት

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሯት አማቴን ከቤቴ አስወጣኋቸው። በር ላይ ቆሜ ይውጡ አላልኩም። የተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ያን ከሰማ በኋላ ማንም ሰው እዚያ ቤት ማደር አይችልም ነበር፤ እሳቸውም አላደሩም።

ያኔም አሁንም የምንኖረው ቡራዩ ነው። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለቤቴ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በርና መስኮት የሚበይድበት ቤት አለው። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጄን ማን ጋ ጥያት እንደምሄድ ጨንቆኝ ሳለ፣ አማቴ ላሞቻቸውን ለታላቁ ልጃቸው አስረክበው ከመናገሻ መጡልን። "እኔ እያለሁ ባዳ እጅ ላይ አትጥያትም" አሉ። ሲያልቡና እንጨት ሲፈልጡ የኖሩ፣ ሰፋፊና ሻካራ እጆች ነበሯቸው። ልጄን አጥበው ሲጨርሱ ብብቷ ሥር ይዘው በአንድ ጊዜ ላጥ አድርገው ከሳፋው ያወጧታል፤ እሷም ትስቃለች፣ አንዳንዴ ደግሞ "አሳመምሽኝ" ብላ ትነጫነጫለች። የሚያወሯት በኦሮምኛ ነበር። አፏን የፈታችው በሁለቱም ቋንቋ ነው። "አኮ" ትላቸዋለች፣ አያቴ ማለቷ ነው።

በዚያ ሰሞን በትምህርት ቤታችን በልጆች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ሥልጠና ወስደን ነበር። ልጅ ሲጫወት ቢወድቅ የሚበልዘው ጉልበቱና ክርኑ ነው፤ ጀርባውና ጭኑ ላይ፣ አንዱ ጠቁሮ ሌላው ቢጫ ሆኖ ካያችሁ ግን ጠርጥሩ ተባልን። ደብተሬ ላይ ጽፌ አስምሬበታለሁ። ጎበዝ ሠልጣኝ ነበርኩ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ተመልሼ ልብስ ልቀይርላት የልጄን ቀሚስ ሳወልቅ፣ ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል የበለዘ ነገር አየሁ። ጭኗ ላይ ሌላ አለ፣ ጠርዙ ወደ ቢጫ የሄደ። ከጉልበቷ በታች ደግሞ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች፤ እነሱን ከቀናት በፊት አይቼ ቁንጫ ነው ብዬ ትቻቸው ነበር።

"ማነው ያሳመመሽ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ንገሪኝ እንጂ፣ አልቆጣሽም። አባባ ነው? አኮ ናት?"

"አኮ" አለች።

ትንሽ ልጅን ሁለት ስም ሰጥተው ቢጠይቁት አንዱን አንስቶ እንደሚመልስ አስተማሪ ሆኜ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። በዚያች ሰዓት ግን የሰማሁት የምፈልገውን ነው።

አማቴ ጓሮ ልብስ ያሰጡ ነበር። ባለቤቴም የረሳውን መለኪያ ሊወስድ ድንገት ብቅ ብሎ ነበር። ሁለቱንም ጠራኋቸውና የልጅቷን ጀርባ አዙሬ አሳየኋቸው። አማቴ ደንግጠው ጎንበስ አሉ፣ ሊዳስሷትም እጃቸውን ዘረጉ። ከፊታቸው ነጥቄ ወሰድኳት።

"እማማ፣ ልጄን የሚመታ ሰው ቤቴ ማሳደር አልችልም" አልኩ።

እንዲጮሁ፣ እንዲምሉ፣ እንዲያዋርዱኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን እጆቻቸውን ገልብጠው አዩዋቸው። "እኔ ነኝ? እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት?" አሉ። አልካዱም፤ የምራቸውን ነበር የሚጠይቁን። ባለቤቴን አዩት። እሱ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ነጠላቸውን ከገመዱ ላይ እርጥቡን አወረዱና ለበሱት።

ባለቤቴ መናገሻ ድረስ አድርሷቸው ሲመለስ መሽቶ ነበር። "እናቴ በእኔ ላይ እጇን አንስታ አታውቅም" አለኝ። "በማናችንም ላይ።" ሌላ አልጨመረም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጄን ነሰራት። እንደማንኛውም ልጅ ነስር መስሎኝ አፍንጫዋን ይዤ ቀና አደረግኋት፣ ውኃ አፈሰስኩባት። አላቆመም። ፎጣው ሁሉ ቀይ ሆነ። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ አፍንጫዋ ውስጥ ጥጥ ወትፈው ደም ወሰዱና ውጤቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ በአስቸኳይ አዲስ አበባ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኩን።

እዚያ የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ነበረች፤ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አገላብጣ ካየቻት በኋላ ወንበር ስባ አጠገባችን ተቀመጠች። ደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባል ነገር አለ፣ ስንቆረጥ ወይም ስንጋጭ ደሙ እንዲረጋ የሚያደርገው እሱ ነው አለችን። የልጃችሁ የሰውነት መከላከያ የገዛ ፕላትሌቷን ጠላት መስሎት እያጠፋው ነው። ጤነኛ ልጅ ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ሊኖራት ይገባል፤ የእሷ ሦስት ሺህ ነው።

"ስለዚህ ሳትመታም ትበልዛለች" አለች። "ስታቅፏት እንኳ ሊበልዝ ይችላል። ማንንም አትጠርጥሩ፤ ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚያስበው ያንን ነው።"

ባለቤቴ ፊቱን አዞረ። እኔ ዶክተሯን "ጀርባዋ ላይ ያለውስ?" አልኳት፤ ምን እንዲባልልኝ እንደፈለግሁ አላውቅም።

"እሱም ያው ነው" አለችኝ።

ከሆስፒታል እንደወጣን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን መናገሻ ሄድን። አማቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ጀመሩ፣ እኔ በአማርኛ እያለቀስኩ ጨረስኩት። ያን ዓርብ ልጄ ስጠይቃት አኮ ማለቷን፣ ፕላትሌቱን፣ ሦስት ሺውን፣ ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው።

"ተነሺ፣ ኢንተለ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለት ነው፤ እንደ ድሮው ነበር የጠሩኝ። "ይቅር ብያለሁ። ዋቃ ልጃችንን ይማርልን እንጂ በሆዴ የያዝኩት የለም።" መረቁን። በሦስተኛው ቀን ጓዛቸውን ይዘው ቡራዩ ተመለሱ፤ ልጅቷ ታማ፣ እኔ ሥራ ላይ፣ ሌላ ማን አለን?

ይቅርታው ከልብ ነበር። እስከ ዛሬ አልጠራጠረውም። ግን ልጄን አልነኳትም።

መጀመሪያ አላስተዋልኩም። ልጄ እንደገቡ ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ልትወጣ ስትል ብድግ ብለው "ውኃ ጥጄ ነበር" አሉ። ማታ እራት ስንበላ አጠገባቸው ስትጠጋ ሁለቱንም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ማጠቡን ለእኔ ተዉት። ምግቧን ያቀርቡላታል፣ ጫማዋን ፊቷ ያኖሩላታል፣ ከወንበር ልትወድቅ ስትል ይጮሃሉ፤ እጃቸው ግን አይዘረጋም። ልጄ ሊገባት አልቻለም። "አኮ አትወደኝም" አለችኝ አንድ ቀን፣ ሳታለቅስ፣ እንደ ወሬ።

ብቻችንን ስንሆን ለመንኳቸው። "እማማ፣ እባክዎ ይቀፏት። እኔ ነኝ የበደልኩት፣ እሷ ምን አደረገች?"

"አንቺማ ቃልሽ አልፏል" አሉኝ። "የቀረብኝ የእሷ ነው። አኮ ናት ያለችው እሷ ናት። ልጅ አይዋሽም። ቢማታም ባይማታም እጄ ከባድ ነው። ዶክተሯ ስታቅፏት ይበልዛል አላለችም?"

ብላለች። እኔው ነኝ የነገርኳቸው።

ልጄ ሕክምናዋን በኪኒን ጀመረች። ኪኒኑ ፕላትሌቱን ከፍ አደረገው፣ ፊቷንም አሳበጠው፣ ጠባይዋንም ለወጠው፤ ዳቦ ዳቦ እያለች ታለቅስ ነበር። መጠኑን መቀነስ ሲጀምሩ ፕላትሌቱ ተመልሶ ወረደ። ጨመሩት፣ ቀነሱት፣ ወረደ። ወራት እንዲህ ሄዱ። አንድ ጠዋት ትራሷ ላይ ደም አገኘሁ፣ ድዷ ሲደማ አድሮ ነበር። ዶክተሯ በመጨረሻ ሌላ መድኃኒት አለ አለችን። በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ነው፤ መቅኔዋን ቀስቅሶ ፕላትሌት አብዝቶ እንዲሠራ ያደርጋል። ከውጭ በእርዳታ ለጥቂት ልጆች የመጣ ነበር፣ ለእሷም ደረሳት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሆስፒታል እየተመላለስን ተወጋች። ከዚያ አንዲት ጠና ያለች ነርስ እኔን አስተማረችኝ። ዱቄቱ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ውኃውን ቀስ ብሎ መጨመር፤ አለመነቅነቅ፣ በጣት ማሽከርከር ብቻ፤ አረፋው እስኪጠፋ መጠበቅ። ጭኗን ወይም ሆዷን ቆንጠጥ አድርጎ ይዞ መውጋት፤ አንድ ሳምንት ግራ፣ አንድ ሳምንት ቀኝ። ከዚያ ጥጡን ሳያሹ ረዘም ላለ ጊዜ መጫን። ነርሷ ብርቱካን ላይ አለማመደችኝ። ብርቱካን አይጮህም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ በልተን ነበር የምንወጋት። ባለቤቴ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይይዛታል፣ እኔ እወጋለሁ። መድኃኒቱን ከፍሪጅ ሳወጣ ገና ስታየኝ መጮህ ትጀምራለች። አማቴ በዚያ ሰዓት ወደ ጓሮ ይወጡና አጥሩን ይዘው ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ይቆማሉ። ጩኸቱ ሲያቆም ይገባሉ። አንድም ቀን እንዴት ሆነች ብለው አልጠየቁም፤ አይናቸው ግን ጥጡ ላይ ነበር፣ ደም ያለበት እንደሆን ለማየት።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሱሉልታ አንድ ቤት በር ሊገጥም ሄዶ አመሸ። መርፌው ቀኑን ማለፍ የለበትም። መድኃኒቱን በጥብጬ ጨርሻለሁ፣ ልጄ አልጋ ሥር ገብታለች። ጎትቼ አወጣኋት፣ በአንድ እጄ ልይዛት ስሞክር ተወራጨች፤ በተወራጨች ቁጥር የምትበልዝ እየመሰለኝ ለቀቅኋት። በጓሮው በር ጮህኩ።

"እማማ! ይምጡና ይያዙልኝ!"

መጡ። ደፉ ላይ ቆሙ። እጃቸው ነጠላው ውስጥ ነው።

"እባክዎ፣ እግሯን ብቻ።"

"አልችልም።"

"ልጅቷ ልትሞትብኝ ነው፣ እማማ! የእርስዎ እጅ ምንም አላደረገም! ስንቴ ልንገርዎት?"

"አልችልም፣ ኢንተለ ኮ" አሉ፤ እንባቸው ወረደ። ከገባሁበት ቤት ሁሉ በዚያች ቀን ያየሁትን የመሰለ አላየሁም፤ አሮጊት ሴት ደፍ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ ሕፃን ግድግዳ ተጣብቃ ትጮሃለች፣ እኔ መሐል ቤት ወለሉ ላይ መርፌ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ከዚያ አማቴ ማውራት ጀመሩ። ለእኔ አይደለም። በኦሮምኛ፣ ለልጄ፣ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ። ከመንጋው ተለይታ ስለቀረች አንዲት ጥጃ ነበር። ጥጃዋ ወንዝ ዳር ትደርሳለች፣ ወንዙን እናቴን አይተሃል ወይ ትለዋለች። ወንዙ ይመልሳል። አማቴ ወንዙን በወንዝ ድምፅ፣ ጥጃዋን በጥጃ ድምፅ ነበር የሚያወሩት፤ እንባቸው ገና አልደረቀም። ልጄ ጩኸቷን ቀነሰች። ቀጥሎም ዝም አለች። "ከዚያስ?" አለቻቸው በኦሮምኛ። ከዚያ ዛፉን ጠየቀችው። ልጄ እኔ ወዳለሁበት መጥታ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠች፣ አይኗን ከእሳቸው አፍ ሳትነቅል። ጭኗን ቆንጠጥ አደረግሁ። ስወጋት ፊቷን አኮማተረች እንጂ አልጮኸችም። ዛፉ ምን እንዳለ መስማት ነበረባት።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አማቴ ወደ ጓሮ መውጣት ተዉ። ደፉ ላይ በርጩማ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ጥጃዋ ትቀጥላለች። በየሳምንቱ አንድ ሌላ ነገር ታገኛለች፤ ጅብ፣ ደመና፣ የተሰበረ ጋሪ። እኔ ኦሮምኛዬ የጎደለ ስለሆነ ግማሹ ያመልጠኛል። ባለቤቴ አልፎ አልፎ ይስቃል፣ ልጅ ሆኖ ሰምቶት የማያውቀው ተረት ነው አለኝ። ከበርጩማው እስከ ልጄ ያለው ርቀት ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ያ ዓመት እስኪያልቅ ማንም አልተሻገረውም።

መድኃኒቱ ሠራ። በሁለተኛው ወር ላይ ሠላሳ ሺህ ገባች፣ ከዚያ ስልሳ፣ ወርዳ እንደገና ወጣች። ዶክተሯ ኪኒኑን ሙሉ በሙሉ አቆመችላት፤ ፊቷ ተመልሶ የራሷ ፊት ሆነ። ከሐምሌ ዝናብ በኋላ አንድ ቀን መቶ አሥራ ሁለት ሺህ የሚል ወረቀት ይዤ ከሆስፒታል መጣሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ አማቴ ፊት ዘረጋሁት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ተቀበሉኝና ወደ ብርሃኑ ዞረው አዩት።

"ስንት ነው?"

"መቶ አሥራ ሁለት ሺህ።"

"ያን ጊዜስ ስንት ነበር? ያን ዓርብ?"

"ሆስፒታል ሲያዩት ሦስት ሺህ።"

ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አኖሩ። "ያኔ እንዲህ ቢሆን ኖሮ አይበልዛትም ነበር?"

"አይበልዛትም ነበር፣ እማማ።"

"ስለዚህ እጄ አልነበረም።"

"አልነበረም። በፍጹም አልነበረም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ልጄ ደጅ ትጫወት ነበር። አሁን ይጠሯታል፣ አሁን ያቅፏታል ብዬ ጠበቅሁ። "ለመስቀል መናገሻ ደርሼ ስመለስ" አሉ። "ያን ጊዜ አጥባታለሁ። ፀጉሯንም እኔ እሠራታለሁ።" እንዲህ ሲሉ ዓመት ያላየሁት ፈገግታ ፊታቸው ላይ ነበር። ዛሬውኑ ለምን አላልኳቸውም? ለምን ልጅቷን ጎትቼ ጉልበታቸው ላይ አላስቀመጥኳትም? ጊዜ ያለን መስሎኝ ነዋ። ደግሞም ስጣደፍ ደግሜ የማሳፍራቸው መስሎኝ ፈራሁ።

በመስቀል ማግስት ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ለባለቤቴ ደወለ። አማቴ ላም ሊያልቡ ወጥተው በረቱ ደጃፍ ላይ ወድቀዋል። ሆስፒታል ሳይደርሱ ነው ያረፉት።

ልጄን ይዘን ሄድን። ቤቱ በለቅሶኛ ሞልቷል። ሴቶቹ ሕፃን ሬሳ አታይም ብለው ወደ ጎረቤት ሊወስዷት ሲሉ እኔ ተቀበልኳቸው፤ ከሴቶቹ አንዷ ስትቆጣኝ ሰማሁ። አማቴ ተገንዘው፣ ፊታቸው ብቻ ሳይሸፈን ተጋድመዋል። ልጄ ጠጋ ብላ ቆመች። "ልንካት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ጉንጫቸውን በአንድ ጣቷ ነካች፣ ወዲያው እጇን ሰብስባ እኔ ቀሚስ ውስጥ ደበቀችው። "ቀዝቃዛ ናት" አለች።

ከቀብር መልስ ቅዳሜ ደረሰ። ልጄ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ወደ ደፉ አየች፣ በርጩማው አልነበረም፤ ለቅሶ ለሚደርሱ ሰዎች ወጥቶ ነበር። መርፌውን ሳስገባ አልጮኸችም፣ አልተወራጨችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። "አያምም እኮ" አለችኝ።

መርፌው ከዚያ በኋላም ወራት ቀጠለ። ከዚያ ዶክተሯ በየሁለት ሳምንቱ አደረገችው፣ በኋላም በጥቂት በጥቂቱ ቀንሳ አቆመችው፤ ፕላትሌቱም ሳይወርድ ቀረ። ሁሉም ልጅ እንዲህ አይሆንለትም፣ ዕድለኞች ናችሁ አለችን። ዛሬ ልጄ ሰባት ዓመት አልፏታል። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፤ በዕረፍት ሰዓት ስትሮጥ፣ ስትወድቅ፣ ጉልበቷ ተልጦ ስትነሳ ከመስኮት አያለሁ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ለምን እንደማፈጥ አያውቁም።

በቅርቡ ፀጉሯን ስሠራት "አኮ ለምንድነው አቅፋኝ የማታውቀው?" አለችኝ።

አቅፈዋት ያውቃሉ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከጀርባቸው ወርዳ አታውቅም ነበር። እሷ ግን የምታስታውሰው የመጨረሻውን ዓመት ብቻ ነው፣ ያን የሁለት እርምጃ ርቀት። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ከእሷም፣ ከእሳቸውም ጠፍቶ እኔ ዘንድ ብቻ ቀርቷል።

"እኔ ነኝ የከለከልኳት" አልኳት። "ታመሽ ሳለ እሷ የመታችሽ መስሎኝ ተናገርኳት። ተሳስቼ ነበር። ከዚያ መንካትሽን ፈራች።"

ማበጠሪያው ፀጉሯ ውስጥ ቆሟል። "ይቅርታ ጠየቅሻት?" አለች።

"ጠይቄያታለሁ።"

"እሺ አለች?"

"እሺ ብላለች።"

እንግዲያው አለቀ እንደማለት ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አደረገች። ልጅ ናት። በዚያ ቀን ከእሷ አፍ የወጣውን ቃል አልነገርኳትም፣ በሕይወቴ እስካለሁ ድረስም አልነግራትም።

ባለቤቴ በሩ ላይ ሆኖ ሰምቶናል። ስለዚያ ዓርብ ከእኔ ጋር አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም፤ በሽማግሌ ፊትም፣ በለቅሶውም ጊዜ አላነሳው። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ገብቶ እኔ አጠገብ ቁጭ አለ። እጁ ብየዳ ብየዳ ይሸታል።

"እናቴ ይቅር ብላሻለች" አለኝ። "እኔ ግን ገና እየሞከርኩ ነው።"

ከዚያ ዓርብ ወዲህ አራት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ተነስቼ ራት አቀረብኩ፤ ልጃችንን ጠራት፣ ሦስታችንም በላን።